አሥራ ሁለቱ ብልቃጦች

መምህር እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስጓዝ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ትክ ብላ አየችኝና፣ "አስካለ አይደለሽም? የላብራቶሪዋ?" አለችኝ። ድሮ እሠራበት በነበረው ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ "የቲቸር እንድሪስን መቼም ሰምተሻል" አለች። ፊቴን ስታይ አለመስማቴ ገባት። ልትመዝንልኝ ያነሳችውን ማንጎ መልሳ አስቀመጠችው።

"ማክሰኞ ለት ነው" አለች። "ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ሥቃይ አላዩም፣ አልሐምዱ ሊላህ።"

ምሳ አልበላሁም። ተመልሼ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁና በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሳልከፍት ተቀመጥኩ። የሞተ ሰው ትዝ ሲለኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣብኝ ፊቱ ነው። የእሳቸው ግን ድምፃቸው መጣብኝ። "አታማስዪው!" የሚለው ድምፃቸው።

ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የጀውሃ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ ሮቢት በላብራቶሪ ረዳትነት በኮንትራት ተቀጠርኩ። በሥራዬ በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ሰማያዊ ፈሳሽ በመስታወት ዘንግ ላማስል ስል ያ ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ዞር ስል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው፣ በዚያ ቃጠሎ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው ቆመዋል።

"አታማስዪው፣ የኔ ልጅ። ይተኛ። እሱ ተኝቶ ነው የሚሠራው።"

ሻይ እንኳ አያማስሉም ነበር። በመምህራን ክበብ ስኳራቸውን ጨምረው ዝም ብለው ከላይ መጠጣት ይጀምራሉ። ሰው ሲስቅባቸው፣ "እናንተ አንድ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ እኔ በአንድ ብርጭቆ አሥር ዓይነት እጠጣለሁ። ከላይ እሬት፣ ከታች ማር። መሀሉን ግን ማንም አያውቀውም፣ ዋናው እሱ ነው" ይሉ ነበር። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ስኳሩ ከታች እንደ ጭስ እየተነሣ ሲሟሟ የሚያዩበት ጊዜ ነበር። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ደወል ይደወላል፣ እሳቸው ያያሉ።

የተወለዱት ከሮቢት ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ካለ መንደር ነው። በወጣትነታቸው በነፃ ትምህርት ዕድል ባሕር ማዶ ሄደው፣ ብረት ቀልጦ ሲረጋ ውስጡ ምን እንደሚሆን ለዓመታት አጥንተዋል። ሲመለሱም አዲስ አበባ አንድ የምርምር ቤት ገቡ። መንግሥት ሲለወጥ ያ ቤት ተዘጋ። ጓደኞቻቸው በየግል ድርጅቱ ተበተኑ፤ እሳቸው እናታቸው ስላረጁ ወደ አገራቸው ወርደው የኬሚስትሪ መምህር ሆኑ። ያን ሁሉ የተማሩ ሰው ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ጨውና ስለ ኮምጣጤ ያስተምራሉ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ግን አንድ ጥያቄ ይዘው መጥተው ነበር። ክሪስታል ሲወለድ የመጀመሪያዋ ፍሬ የት ትጀምራለች? ለምን እዚያ? አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ዕቃ ሳጥብ አስቀምጠው አስረዱኝ።

"ሁለት የተለያየ ነገር ጎን ለጎን ስታስቀምጪ" አሉ፣ "ድንበሩ ላይ ቀስ በቀስ ይደባለቃል። ይሄኛው እየቀነሰ ያኛው እየጨመረ ይሄዳል። ቁልቁለት በይው። አንዳንዱ ቁልቁለት ረጋ ያለ ነው፣ እንደ እኛ ሜዳ። አንዳንዱ ገደል ነው፣ እንደ ጣርማበር።"

"እሺ።"

"ፍሬዋ ስትወለድ በዓይን አትታይም፣ ያን ያህል ትንሽ ናት። ትንሽም ብትሆን ግን አካል አላት። መላ አካሏ ለሷ የሚስማማት ድብልቅ ውስጥ መሆን አለበት። ገደል ላይ ከሆነች እግሯ አንድ ነገር ውስጥ፣ ራሷ ሌላ ነገር ውስጥ ይሆንባታል። ስለዚህ አትወለድም። ትጠብቃለች። ጊዜ ሲሄድ ገደሉ እየለዘበ፣ ለሷ የሚበቃ ደልዳላ ሲገኝ፣ ያኔ ትመጣለች።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

ሳቁ። "አይደለሁም። እርግጠኛ ብሆን ምን ያስለፋኛል? እንደዚያ ይመስለኛል። ማየት አለብኝ።"

ለማየት የሚያስችላቸው አሥራ ሁለት ረጃጅም የመስታወት ብልቃጦች ነበሩ። ከተዘጋው ምርምር ቤት ሲወጡ በጋቢ ጠቅልለው ያመጧቸው ናቸው። ከሥር ሰማያዊ የመዳብ ጨው የሟሟበት ውኃ ያደርጋሉ፤ ከላይ ንጹሕ አልኮል በጠብታ በጠብታ ያስተኛሉ። አልኮሉ ወደ ታች፣ ውኃው ወደ ላይ ሲሰርግ፣ መሀል ላይ ጨው መሟሟት ያቅተውና ፍሬ ይሆናል። ስድስቱን ገደል አደረጓቸው፣ ውኃና አልኮሉ በአንድ መስመር ተለያይተው። የቀሩትን ስድስቱን መሀል ላይ የውኃና የአልኮል ድብልቅ በስሱ እየደራረቡ አለዘቧቸው። ሐሳባቸው ልክ ከሆነ የለዘቡት ቀድመው ይወልዳሉ፤ ገደሎቹ ይዘገያሉ።

የሮቢት ሙቀት ሁለት ጊዜ አበላሸባቸው። በሦስተኛው፣ የጨለማው ጥግ ላይ አሸዋ የሞላ የእንጨት ሣጥን አኑረው፣ አሸዋውን እያረጠቡ ብልቃጦቹን እዚያ ውስጥ ተከሉ። ንጹሑ አልኮል በዚያ አለቀ። በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል ይመጣሉ። በእግራቸው ጣት እየረገጡ ይገባሉ፣ ባትሪያቸውን አብርተው በማጉያ መነጽር አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ያዩና ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። "ምንም የለም።" በማግስቱም፣ "ምንም የለም።" እንዲህ ብለው ሲጽፉ ደስ የሚላቸው ሰው ከእሳቸው ሌላ አላጋጠመኝም።

ተማሪዎቻቸውንም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። አንድ ጊዜ በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፍ ገልብጦ ጻፈ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ደግሞ "ብዙ ጠበቅኩ፣ ምንም አላየሁም" ብላ ጻፈች። ለልጅቷ አሥር ከአሥር፣ ለጎበዙ ዜሮ ሰጡ። ልጁ አኩርፎ ቢመጣ፣ "ያላየኸውን ከጻፍክ" አሉት፣ "ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው መንገድ ታስታለህ። እሱ አንተን አምኖ ነው የሚሄደው።" እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ጥሩ ንግግር ነው ብዬ ወደድኩት።

ያኔ ባሕር ማዶ ካሉት የቀድሞ አስተማሪያቸው ደብዳቤ መጣላቸው። ፕሮፌሰሩም በዚያው ጥያቄ ላይ እየሠሩ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጡ፣ ከዚያ በፊት የሙከራው ውጤት ከደረሳቸው አብረው ሊያሳትሙት፣ እንድሪስንም ለሁለት ዓመት ወደዚያ ሊያስጠሯቸው እንደሚችሉ ጽፈዋል። መምህር እንድሪስ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሱ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። "ዘይነባ ሄደህ ተመለስ ብላኛለች" አሉ። ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው። ሲናገሩ ጣታቸው ጠረጴዛውን ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር።

ብልቃጦቹ በተተከሉ በሦስተኛው ሳምንት እናታቸው ጠናባቸውና ወደ መንደር ወረዱ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ ጥጉ ወሰዱኝ።

"አስካለ፣ አደራ። ጠዋት ጠዋት አሸዋውን አርጥቢው። ሌላ ምንም። ማንም እንዳይነካው።"

"ይሂዱ፣ መምህር። አላስነካም።"

በሁለተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ገቡ። በማግስቱ ከዞን ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ላብራቶሪው መጀመሪያ የሚታይ ክፍል ነው። ግድግዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ምንድነው? ላብራቶሪ ነው የሽንኩርት መደብ?"

"የመምህር እንድሪስ ሙከራ ነው። አይነካም ብለዋል።"

"የመንግሥት ክፍል የማንም የግል ጓዳ አይደለም። ከዚህ ይውጣ።"

ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አስካለ፣ የቋሚነት ደብዳቤሽ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ልፈርም ነበር።" ይህን ብለው ወጥተው ሄዱ።

ብልቃጦቹን ደፍቻቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት በኋላ ደፍሬ ለመምህር እናገር ነበር። እኔ ግን ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ዘበኛውን ጠራሁና ሣጥኑን ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ዕቃ ቤት ወሰድነው። ከባድ ነበር። የዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ዘበኛውን አደናቀፈውና በእሱ በኩል ያለው የሣጥኑ ጫፍ መሬት መታ። አሥራ ሁለቱም ብልቃጦች አንድ ላይ ጮኹ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አንድም አልተሰበረም። "ተመስገን" አልኩ። እንግዶቹ መጥተው ሲሄዱ ቀስ አድርገን ወደ ቦታው መለስነው። አሸዋውን ደለደልኩ፣ ውኃ አርከፈከፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳይ በአሥራ ሁለቱም ውስጥ ሰማያዊ ብናኝ ወርዷል፣ የተፈጨ ጨው የመሰለ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። መጥፎ ነገር መሆኑን ግን ሆዴ አውቆታል።

ሰኞ ማለዳ መጡ። እናታቸው ተሽሏቸው ፊታቸው በርቷል። ባትሪውን አብርተው ጎንበስ አሉ። አንደኛውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሰባተኛው ላይ፣ ገደሎቹ በሚጀምሩበት፣ ፈገግታው ቆመ። እስከ አሥራ ሁለተኛው ሄደው ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ሁሉም" አሉ። "ባንድ ጊዜ። ገደሉም ሜዳውም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አስካለ፣ ሣጥኑ ተነቅንቆ ነበር?"

የቋሚነት ደብዳቤዬ ዓርብ ተፈርሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ብናገር ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንደሚጣሉ አውቃለሁ። አደራቸውን መብላቴን ከአፌ ሲሰሙ የሚሆነውን ፊታቸውን ማየትም ፈራሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ መጣና፣

"አልተነካም" አልኩ።

"ማንም?"

"ማንም።"

ሦስተኛ አልጠየቁኝም። ቢጠራጠሩኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተራቸውን አወጡና ያዩትን ጻፉ።

"ድጋሚ አይሠሩትም?" አልኳቸው።

"አልኮሉ አልቋል። ጊዜውም አልቋል። ደግሞ ያየሁትን አየሁ።"

በሳምንቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡና ሳያሽጉ ወደ አማርኛ መልሰው አነበቡልኝ። አጭር ነበር። ቁልቁለቱ ልዩነት አላመጣም፤ ገደሉም ለስላሳውም እኩል ወለዱ፤ ሐሳቤ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ። አሽገው ሰጡኝ። ትምህርት ስላለባቸው ፖስታ ቤት እንዳደርስላቸው ነው።

በዋናው መንገድ ዳር፣ የደሴ መኪኖች አቧራ እያለበሱኝ ሄድኩ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ብዙ ቆምኩ። ፖስታውን ይዤ ብመለስ፣ "መምህር፣ ይሄን አይላኩት" ብል፣ ያኔም አልረፈደም ነበር። አንድ ሰውዬ ከኋላዬ መጥቶ "እህቴ፣ ልታስገቢ ነው?" አለኝ። አስገባሁት።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሐቀኝነታቸው አመስግነዋቸዋል። ስለ መጥራት አንድ ቃል የለበትም። መምህር እንድሪስ ብልቃጦቹን በገዛ እጃቸው አጥበው ለባዮሎጂ ክፍል ሰጡ። ማለዳ መምጣታቸውን ተዉ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ ይህንኑ ታሪክ መንገር ጀመሩ። "እኔ ራሴ ድሮ አንድ ሐሳብ ነበረኝ" ይላሉ ሰሌዳው ፊት ቆመው። "ዓመታት ለፋሁበት፣ ወደድኩት። ሙከራው ግን ስህተት ነው አለኝ። ምን አደረግኩ? ስህተት ነው ብዬ ጻፍኩ። እናንተም እንዲህ አድርጉ።" ልጆቹ ያጨበጭቡላቸዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ ያጠብኩትን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ስድስት ዓመት ሰማሁት። በሰባተኛው ዝውውር ጠይቄ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ሰው የጠየቀኝ እንደሆነ ሙቀቱ አልተስማማኝም እል ነበር።

እዚያ ማታ ማታ ተምሬ ዲግሪዬን ያዝኩ። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ ፍሬ ለመጣል የደረሰ ፈሳሽ በትንሽ ግጭት ባንዴ ብናኝ ሊያወርድ እንደሚችል ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጎ አሳየን። ሌሎቹ ተገረሙ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። የዘበኛውን እግር፣ ደፉን፣ የብልቃጦቹን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አላውቅም ነበር ማለት እንኳ አልቻልኩም። ያም ሆኖ ዓመታት ዝም አልኩ። ስልካቸው ነበረኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ጤናቸው ብቻ ጠይቄ ዘግቻለሁ።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው። ጡረታ ወጥተው መንደራቸው ገብተዋል ሲሉኝ፣ ከሮቢት ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። ባለ ባጃጁ እንዲጠብቀኝ ነግሬው ገባሁ። የፓፓያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሸሚዛቸው አሁንም እስከ አንገት ተቆልፏል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት በድምፄ ነው የለዩኝ።

"አስካለ! ያ አላህ! ዘይነባ፣ ነዪ፣ የላብራቶሪዋ መጣች!"

እትዬ ዘይነባ ውኃ አቀረቡልኝና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ርዕሰ መምህሩን፣ ደብዳቤዬን፣ ዘበኛውን፣ ደፉን፣ "አልተነካም" ያልኩትን። ስጨርስ፣ "አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩና መሬቱን ማየት ጀመርኩ።

ከዘራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡና፣

"በየትኛው በኩል ነው የወደቀው?" አሉ።

"እ?"

"ሣጥኑ። በገደሎቹ በኩል ነው በለዘቡት?"

"በ... በገደሎቹ በኩል መሰለኝ።"

"ብናኙን መቼ አየሽው?"

"በማግስቱ ጠዋት።"

"ከመነሣቱ በፊት የነበረውን ጠዋትስ? አይተሽው ነበር?"

"አይቻለሁ። ምንም አልነበረም።"

"በአንዱም?"

"በለዘቡት በሁለቱ ውስጥ..." አልኩና ቆምኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሴም ተናግሬው አላውቅም። "በሁለቱ ውስጥ አንድ አንድ የምታበራ ነገር አይቼ ነበር። እንደ አሸዋ ቅንጣት። የመስታወቱ ቆሻሻ መስሎኝ..."

በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ተቆጡ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

"ዘይነባ!" አሉ፣ እንደዚያ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። "ዘይነባ፣ ልክ ነበርኩ! የለዘቡት ቀድመው ነበር! ልክ ነበርኩ እኮ!"

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። "አልሐምዱ ሊላህ!" አሉ፣ ምኑም ሳይገባቸው። መምህር እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ፈተና አልፈሃል እንደተባለ ልጅ አንድ ቦታ መቆም አቃታቸው። እኔ ደግሞ የወሰድኩባቸው ምን እንደነበረ፣ ሙሉውን፣ ያን ጊዜ አየሁት።

ሲረጋጉ ተቀመጡ። "ያን ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፈው።" ቁጣ አልነበረበትም። ያዩትን እንደሚጽፉ ሁሉ ተናገሩት። አፉ ብያለሁ አላሉኝም፤ ሁለተኛ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "በሰላም ግቢ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

አጥሩን አልፌ ወደ ባጃጁ ስሄድ ከኋላዬ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ለእትዬ ዘይነባ ስለ ገደሉና ስለ ሜዳው፣ ስለ ፍሬዋ እግርና ራስ እያስረዷቸው ነው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። ባለቤታቸውም "እህ፣ እህ" እያሉ ያዳምጣሉ። ከዚያ እትዬ ዘይነባ ጠየቁ፣

"ፕሮፌሰሩም ሞተዋል አላልከኝም? ታዲያ አሁን ለማን ትነግረዋለህ?"

መልሳቸውን ልሰማ ቆምኩ። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪጠራኝ ድረስ ቆምኩ።